ፈዲላና የትራክተሩ ፖምፓ

ፈዲላን ለመስማት አጠገቧ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ከማዶ ትሰማለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከወፍጮ ሞተር ጋር እየተጋፋች ስላወራች፣ ለቅሶ ቤት ገብታ «አላህ ያጥናችሁ» ስትል ሟቹ ራሱ የሚነቃ ይመስለኛል። እኔ እናትነሽ ጎረቤቷ ነኝ። እሷ መስጊድ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን፤ አጥራችን ግን አንድ ነው። ወፍጮ ቤቷ ውስጥ ተራ የማስከብረውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ቢላችሁ ዋሽቷል።

ባሏ አብደላ ሲሞት አንዲት ልጅና አንድ ወፍጮ ትቶላት ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ፣ ከሐይቅ ከተማ የሚመጣው የአቧራ መንገድ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ጉብታ ላይ ነው። ያኔ የሀገሩ ወንድ ሁሉ «ሴት ደሞ ሞተር ታስነሳለች እንዴ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ሞተሩን አስነሳችው። ከዚያ ወዲያ እህሉን ይዞ ተራ ሲጠብቅ እንጂ ሲስቅ ያየሁት ወንድ የለም። ዱቄቱን በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ አሸት ታደርግና ካልላመላት ደግማ ትፈጫለች፤ ባለቤቱ ይበቃኛል ቢላትም አትሰማም። «አንተ ይበቃሃል፣ የምታቦካው ሚስትህ ናት!» ትለዋለች።

እንግዲህ የሰባ ሰባትን ድርቅ ተሻግረን፣ ምድሪቱም ምሕረት አግኝታ ጎተራው ሞላ ባለበት ዓመት፣ ልጇ ዘሀራ ለሐሰን ታጨች። ሐሰን ከሐይቁ ማዶ ያለ ሸጋ ልጅ ነው። እናቱ ዙሌይካ ደግሞ ምላሷ ምላጭ ነው። የሰርጉ ቀን ተቆርጦ ሁላችንም ተደስተን ተቀምጠን ሳለ «ዱቄቱን እንኳ ሐይቅ ከተማ ብናስፈጨው ይሻላል፣ ያንቺው ወፍጮ ማሳል ጀምሯል አሉ» አለቻት።

ፈዲላ ብድግ አለች። «ወላሂ! የልጄ የሰርግ ዱቄት ከኔ ድንጋይ ሌላ ድንጋይ አይነካውም! ከነካው ወፍጮ ቤቱን ዘግቼ ቁልፉን አርዲቦ እወረውረዋለሁ!»

እኔ ከጎኗ ሆኜ ቀሚሷን ብስባት ብስባት አልተቀመጠችም። ሰው በመሐላ ላይ እንዲህ ይቸኩላል? ሳምንት ሳይሞላው ያ የሚያስለው ሞተር ብሎኩ ተሰንጥቆ ውሃውን ወለሉ ላይ ዘረገፈው።

አልሀምዱሊላህ፣ ሞተር ተገኘ። አምባሰል ቁልቁለት ላይ ገደል የገባ የጭነት መኪና ነበር፤ መኪናው ድቅቅ ሲል ሞተሩ ምንም አልሆነም። ከሐይቅ ከተማ መካኒኩ ኑርዬ፣ ከውጫሌ ደግሞ የትራክተር ጠጋኙ ታረቀኝ ሊገጥሙት መጡ። ሁለት መካኒክ መጥራት ሁለት አማት ቤት ማስገባት ማለት ነው። ሞተሩን ገና ሳያሳርፉት ለሞተሩ ናፍጣ በሚረጨው ፖምፓ ተጣሉ።

«ፖምፓው አብሮት ከፋብሪካ የወጣ ነው» አለ ኑርዬ። «ብሎኑ ልክ፣ ቧንቧው ልክ። ምን አስቸገራችሁ?»

«ይኼ የመኪና ፖምፓ ነው» አለ ታረቀኝ፣ «የሹፌር እግር ሲረግጠው ነው የሚሰጠው። ወፍጮ እግር የለውም። እህል ሲገባ ሞተሩ ያቃስታል፣ እህል ሲያልቅ ይፈረጥጣል። እኔ ዘንድ የትራክተር ፖምፓ አለ፤ ሸክም ሲመጣ ራሱ ይጨምራል፣ ሲቀል ራሱ ይቀንሳል። ማስቀመጫ ሠርቼ እገጥምላችኋለሁ።»

«የሌላ ጥርስ በሰው አፍ!» አለ ኑርዬ።

ነገሩ ቅሬው ዘንድ ደረሰ። ቅሬያችን ሙስሊም ክርስቲያኑን የያዘ ነው፤ ሥራው ሬሳ መቅበር ነው። ያን ቀን ግን ዋርካው ሥር ስለ ፖምፓ ተቀመጠ። ፖምፓ ምን እንደሚመስል አይቶ የማያውቅ ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ተሟገተ። የኔው ባል አስረስ፣ በሬ ከመንዳት ሌላ ምንም ነድቶ የማያውቀው፣ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣና «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለ። ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ፈዲላም የሰርጉ ቀን አንገቷ ላይ ቆሞባታልና የኑርዬን መረጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይኼን ደግሞ እኔ ያን ዕለት አላልኩም፣ ዛሬ ነው የምለው።

ሞተሩ ተነሣ። ነዳጅ መስጫው ላይ ገመድ ታስሮ ኑርዬ ይዞታል። ፈዲላ ጤፉን ስትለቅበት ሞተሩ «እምምምም» ብሎ ወገቡን ያዘ። ኑርዬ ገመዱን ሳበ፤ «ዥዥዥዥ!» አለ። ጤፉ አለቀ፤ «ዡዡዡይ!» ብሎ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ኑርዬ ለቀቀ፤ ተኛ። እንደገና ሳበ። እኛ ውስጥ ሆነን በዱቄቱ ስንደሰት፣ ከውጭ የሚሰማው ምን እንደሆነ ማን ያስብ! ከውጭ የሚሰማው ልክ የወታደር መኪና በዳገት ማርሽ እየቀየረ ወደ መንደር ሲወጣ ይመስል ነበር።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ከመጣ ወዲህ፣ ያን ድምፅ የሰማ ጎረምሳ አንድም ቀን ቆሞ አይጠይቅም። «አፈሳ! አፈሳ መጣ!» ተባለ። የሚያርሰው በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ ሮጠ። ልብስ የሚያጥበው ራቁቱን ሸምበቆ ውስጥ ገባ። ሐሰን ሰፊው ቤት ቆሞ የሰርግ ሸሚዙን እየተለካ ነበርና በአንድ እጅጌ ሸሸ። ብታምኑም ባታምኑም አስረስም ሮጧል! ማታ እሾኽ ሞልቶት ሲመጣ «አንተን ደሞ ማን ይፈልግሃል፣ ሽበትህን ሊዘምቱበት?» አልኩት። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ሌሎቹ ነገሩን ሰምተው እየሳቁ ተመለሱ። ሐሰን ግን አልቆመም፤ አምባሰል አጎቱ ዘንድ ገባ። ና፣ ወፍጮ ነው ቢሉት አላምን አለ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቱን ልጅ «ና፣ እናትህ ታማለች» ብለው አስጠርተው ነው የወሰዱት፤ እንዴት ይመን? «ወፍጮ ከሆነ እንደ ወፍጮ ሲጮኽ በጆሮዬ ልስማ» ብሎ ላከ።

ዙሌይካ እየጮኸች መጣች። «ልጄን አሳደድሽው! ሙሽራ የሌለው ሰርግ ልትደግሺ ነው?» ዘሀራ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ፈዲላ ሞተሩን ቆማ አየችው፣ አየችውና ወደ ታረቀኝ ዞረች።

«አምጣው ያንን የትራክተር።»

«ጉልበቱ ግን ከዚህኛው ያንሳል፣ ልንገርሽ፤ አፈጫጩም ዝግ ይላል።»

«ይዘግይ! ወንድ ልጅ የሚያባርር ወፍጮ ምን ያደርግልኛል?»

ታረቀኝ ከተሰባበረው መኪና ሻንሲ ብረት ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በስቶ ማስቀመጫ ሠራ። ኑርዬ መጀመሪያ ጥላ ሥር ተቀምጦ «አይገጥምም» ሲል ዋለ። ኋላ ቧንቧው ሲጣመምበት አይቶ ማስቻል አቃተውና «አምጣ፣ እንደ ጅራፍ አይደለም የሚጠመዘዘው!» ብሎ ቀማው። ሁለቱ እየተሰዳደቡ ገጠሙት። ሲነሣ «ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ» አለ። ጤፍ ገባ፤ ዱክ ዱክ። ጤፍ አለቀ፤ ዱክ ዱክ። ገመድ የለ፣ ሰው የለ። ፈዲላ «አብሽሩ!» ብላ ስትጮኽ ከሞተሩ ይልቅ እሷ ተሰማች።

ሐሰን ከአምባሰል ወርዶ ከማዶ ጉብታ ላይ ሆኖ ሲያደምጥ አረፈደ። ከዚያ ከሚዜዎቹ ጋር የሰርጉን እህል ተሸክሞ መጣ። ቅጥሩ በጎረምሳ ተሞላ፤ ሳቁ፣ ፉከራው! አንዱ ሲያወርድ አንዱ ሲያፈስ፣ ዘሀራ በበሩ ሽንቁር ሰርቃ ስታይ፣ እኔ ተራ ማስከበሩን ረስቼ እስክስ ስል ነበር።

ፈዲላ መስኮቱ አጠገብ እህል እየለቀቀች ድንገት ቀና አለች። በሐይቅ ከተማ መንገድ ላይ አቧራ ተነሥቷል። በአቧራው ፊት መኪና አለ፤ ከላዩ ጠመንጃ ይታያል። በሞተሩ ጩኸት ቅጥር ውስጥ ካለው አንድም ሰው አልሰማም። ብትጮኽ እንኳ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ የፈዲላን ጩኸት ማን ቁም ነገር ይለዋል? የፖምፓውን ማቆሚያ ሳበችው።

ሞተሩ ዝም አለ። ቅጥሩም ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ የእውነተኛው መኪና ማርሽ ተሰማ። ጎረምሶቹ ጆንያውን እዚያው ጥለው በጓሮ በኩል ወደ አርዲቦ ሸምበቆ ወረዱ። ታጣቂዎቹ ሲገቡ የቀረነው ዙሌይካን ጨምሮ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሁለቱ መካኒኮች ብቻ ነበርን።

አለቃቸው ጆንያውን ሁሉ አየ። «ይኼን ሁሉ ማን ተሸክሞት መጣ?»

«አህያ ነዋ፣ ጓድ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ወፍጮው ለምን ቆመ? አሁን ከታች ስሰማው ነበር።»

ፈዲላ ፊቷን በዱቄት እጇ ጠረገችና «ፖምፓው ነው፣ ጓድ። የራሱ አይደለም፣ የትራክተር ነው። በዚህ በልጄ ሰርግ ሰሞን ጉድ አደረገኝ!» አለች። እንባዋ የእውነት መጣ።

አለቃው ፖምፓውን ዞሮ አየው። ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከአስተያየቱ ያስታውቃል። «የፋብሪካውን ትቶ ይኼን የገጠመ ማነው?»

ታረቀኝን አየሁት። ውጫሌ ገበያ ላይ ሥራውን የነቀፈበትን ሰው መዶሻ ይዞ ያባረረ ነው ይኼ። እሱ ነው አንገቱን የደፋው። «እኔ ነኝ ጓድ። አላወቅሁበትም። አበላሸሁት።»

ኑርዬ ይኼንን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶታል! አፉን ከፈተ። «ነገርኩት ጓድ፣ አልሰማ አለኝ! ይኼውልህ፣ ይኼ ብሎን እኮ...» ብሎ ምንም ያልሆነውን ብሎን መፍታት ጀመረ። ፈታው፣ አሳየው፣ መልሶ አሰረው፣ ሌላ ፈታ። ሸምበቆው ድረስ ለሚሮጥ ልጅ የሚበቃ ጊዜ ብሎን ሲፈታ ቆየ። በመጨረሻ አለቃው ሰለቸውና «የፋብሪካውን መልሱበት» ብሎ መኪናው ላይ ወጣ።

አቧራው ከዓይን እስኪጠፋ በመስኮቱ አየን። ከዚያ ፈዲላ ማቆሚያውን መለሰችው፤ ሞተሩ እንደተነካ ተነሣ። እሷም የቀረውን ጤፍ ትለቅበት ጀመር። ሐሰን እስከ ወገቡ ረጥቦ ሲመለስ፣ ዙሌይካ ልጇን እንኳ ሳትስም ወደ ታረቀኝ ሄደች። ያን በናፍጣ የተለወሰ እጁን በሁለት እጇ ይዛ «ይችን ውሸት አላህ በጽድቅ ይጻፍልህ፣ ወንድሜ» አለችው።

ታረቀኝ እጁን አልነጠቀም። ዓይኑ ግን ቀላ። «ጽድቁስ ይሁን፣ እታለም» አለ፣ «ብቻ አበላሸሁት ማለቴን ውጫሌ ላይ እንዳትናገሪብኝ።»