ባትሪ ቀባሪዋ ቡሩል

ናሪን በምትባል ተራራማ ከተማ ገበያ ውስጥ ስልክ የሚጠግኑ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ከአራቱ ሴቷ ቡሩል ብቻ ነበረች። ግማሽ ኮንቴይነር ተከራይታ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና አንድ ሣጥን ሙሉ ካቻቢቴ ይዛ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጣበታለች። እጇ የተባረከ ነበር። ውሃ የገባበትን፣ በግ የረገጠውን፣ ሰካራም ከግድግዳ ያላተመውን ስልክ ሁሉ አስነስታ ትመልስ ነበር። ሰው ግን በዚህ አያነሳትም። "ባትሪ ቀባሪዋ" ነበር የሚላት።

ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። በዚያ ገበያ የሞተ ባትሪ ሁሉም የትም ይወረውረዋል፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ከወረቀቱና ከካርቶኑ ጋር ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ቡሩል ትለቅማለች። የሌሎቹ ጠጋኞች ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፤ እነሱም እግራቸውን ሳያነሱ እያዩ ይስቁባታል። ቤቷ ስትገባ የእያንዳንዱን ባትሪ የብረት ጫፍ በናስትሮ ትሸፍንና አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ረድፍ ባትሪ፣ አንድ ረድፍ ደረቅ አሸዋ እያደረገች ትደረድራለች። ያበጠውን ለብቻው ነው የምትይዘው። በሁለት መዳፏ አቅፋ ወስዳ፣ ከቤቱ ርቆ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የተቀመጠ አሸዋ የሞላ የብረት ሣጥን ውስጥ ታስተኛዋለች። ጠርሙሶቹን ባሏ በሕይወት ሳለ በበጋ ምግብ ያበስሉባት በነበረች የጭቃ ቤት ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣለች።

ይህን ሁሉ ያስተማራት የልጇ ዓይን ነው።

ዣዝጉል ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቡሩል ከገበያ ደክሟት ገብታ፣ ከጠረጴዛዋ ጠርጋ ያመጣችውን ጉድፍ ማገዶው ባልዲ ላይ ገለበጠችው። ከጉድፉ መሀል አንድ ባትሪ ነበረበት። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ኩበት ልትጨምር የምድጃውን በር ከፍታ አጎነበሰች፤ ከማገዶው ጋር የገባው ባትሪ ፊቷ ላይ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ያወጡት አንድ ዓይን ነው፤ ሌላውን አትርፈውላታል። ባሏ ቡሩልን አልመታትም፣ አልሰደባትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምድጃውን ራሱ ነበር የሚያነደው። እሷ ስትጠጋ የአመድ መዛቂያውን ከእጇ ይወስድባታል። እስኪሞት ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በገዛ ቤቷ እሳት አላስነካትም።

አንድ የጸደይ ወር ከዋና ከተማው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ጥሩ ኮት የለበሰች ሴት መጣች። ስለ ቡሩል ሰምታ ኖሮ የጭቃ ቤቷን አስከፍታ ጠርሙሶቹን አየች፤ አጠገባቸውም አቁማ ፎቶ አነሳቻት። ቡሩልን አስከትላ በትምህርት ቤቶቹ እየዞረች ተማሪዎቹን ሰብስባ፣ ባትሪ በየሜዳው መጣል መርዝ እንደሆነ፣ ያገኙትን ሁሉ ለቡሩል እንዲያመጡላት፣ ሲሞላም መኪና መጥቶ በደንብ ወደሚወገድበት ቦታ እንደሚወስደው ነገረቻቸው። ቡሩል በሕይወቷ ሰው ፊት ቆማ ስትመሰገን ያ የመጀመሪያዋ ነበር። አለቀሰች። ተማሪዎቹ የምታለቅሰው ሴትዮ አስቀቻቸው።

ባትሪው ግን መጣ። በኪስ መጣ፣ በካልሲ መጣ፣ በጆንያ መጣ። ከሌላ ከተማ ሳይቀር በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ መጣ። አርባ የነበሩት ጠርሙሶች ዓመት ሳይሞላ ከሦስት መቶ አለፉ። ቡሩል አሸዋ ከወንዝ ዳር እያመላለሰች፣ ቆርቆሮ ላይ እያሰጣች፣ ማታ ማታ ናስትሮ ስትጠቀልል ጣቷ እየተላጠ ሠራች። መኪናው ግን አልመጣም። ስትደውል ሴትዮዋ በመጀመሪያ መኪናው ሊነሳ ነው አለቻት። ቀጥላም አገር ውስጥ ይህን ተቀብሎ የሚያስወግድ ቦታ እንደሌለ፣ ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ ፈቃድ እንደሚጠበቅ ነገረቻት። በመጨረሻ ስልኩን አንድ ወንድ አነሳና ሴትዮዋ ሥራ እንደቀየረች ነግሯት ዘጋው።

ከአጥሯ ማዶ ታሽታን የሚባል ሰው ይኖራል። የሰፈሩ ኃላፊ ነው፤ ፈረስ ሊጋልቡ ለሚመጡ የውጭ እንግዶችም ክፍል ያከራያል። በዚያ ዓመት ላሙ ሞተችበት። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ቀዶ የሰው ራስ የሚያህል የላስቲክና የሲባጎ ድቡልቡል አወጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አይቷል። ማታ ላይ ግን ላሚቱን የገደላት የቡሩል መርዝ ሆኖ አደረ። ታሽታን አስወራ፣ ሌላውም ለማመን አልቸገረውም፤ ባለ አንድ ዓይኗ ልጅ እኮ ከዚያው ቤት ነው የወጣችው።

ከዚያ በኋላ ሰዉ አንድ በአንድ ራቃት። ጎረቤት ሞቶ የሐዘን ድንኳን ስትገባ ሴቶቹ ከማዕዱ ሳያስጠጓት፣ ለሁሉም እንደሚሰጠው የሥጋ ድርሻዋን በፌስታል ቋጥረው ከበር ላይ ሰጧት። ሻይ የጠጣችበትን ጎድጓዳ ሳህን አንዷ በጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ስታወጣው ቡሩል በዓይኗ አየች። ድርሻዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሥጋውንም በላችው፤ ርቧት ነበር።

ታሽታን በመከር ወራት በሯ ላይ ቆመ።

"ቡሩል ኤጄ፣" አላት፤ እንደ ታላቅ እህት አክብሮ ነው የሚጠራት፣ ድምፁም ማር ነው፣ "እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እንግዶቼ ከአጥር ወዲያ ያለው ምንድነው እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?"

"ባትሪ ነው በላቸው። በአሸዋ የታሸገ ነው፣ ከዚያ አይወጣም።"

"እሱን ለዣዝጉል ይንገሯት።"

ታሽታን የሚለውን ብሎ ነበርና ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ዣዝጉል ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዋና ከተማው ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። የመስታወት ዓይን አስገብታለች፤ ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ በጎን ነው። ዕድሜዋ ሁሉ ለትዳር ጠያቂ ያልነበራት ልጅ በዚያ መከር ጠያቂ አገኘች፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ኮችኮር በተባለ ከተማ ሱቅ ያለው ሰው። ቤተሰቦቹ እቤት መጥተው በአገሩ ደንብ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ ሊያንጠለጥሉላት ቀን ቆረጡ። ዣዝጉል ከከተማ መጥታ ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጭቃ ቤቷ ሄደችና ጓጉንቸሩን ይዛ ነቀነቀችው።

"ይኼ ከሐሙስ በፊት ይነሳ።"

ቡሩል ሁለት ሳምንት ብቻ እንድትታገሳት ለመነቻት። ራሴ ከተማ ሄጄ ተቀብለው እንዲወስዱልኝ አደርጋለሁ አለች። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ በመጨረሻ በዝግታ ተናገረች።

"እማ፣ አንቺ የምትለቅሚው ለወንዙ ብለሽ አይደለም። ለእኔም ብለሽ አይደለም። እኔን ባየሽ ቁጥር የሚወጋሽን ነገር ጠርሙስ ውስጥ እየከተትሽ ትተኛለሽ። እኔ ግን ይዤው ነው የምዞረው። አንድ ጠርሙስም አልጠቀመኝም።"

ቡሩል ከዚህ የከፋ ነገር ከማንም ሰምታ አታውቅም፤ ውሸት ነው ለማለት ግን አልቻለችም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሻንጣ ሙሉ ባትሪ በአሸዋ አሽጋ በጋራ ታክሲ ወደ ዋና ከተማው ሄደች። በዓይናቸው ካዩት ይቀበሉኛል ብላ ነው።

ስድስት ሰዓት ተጓዘች። ሾፌሩ ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ሲሰማ እግሯ ሥር ይዛው እንድትቀመጥ አደረጋት፤ ከፈነዳም አንቺው ዘንድ ይፈንዳ ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ አላስገባት አለ። ኮት ለባሿ ሴት ፎቅ ተቀይራ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበረች። ምሳ ልትበላ ስትወጣ ቡሩል ተከትላ ስሟን ነገረቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አየቻትና ናሪን ብዙ ሰው እንዳገኘች፣ ሁሉንም ልታስታውስ እንደማትችል ነገረቻት። ቡሩል ያን ጊዜ ያነሳቻትን ፎቶ አስታወሰቻት። እሱማ የድሮው ፕሮጀክት ነው፣ ተዘግቷል አለቻት። ቡሩል ሻንጣዎቹን መሬት ላይ አኑራ ልትሄድ ስትል ዘበኛው ጮኾ መለሳት፤ ጥላው ከሄደች ፖሊስ እንደሚጠራ ነገራት። የከተማው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ መንገዷ ላይ ነበር። እዚያ መጣል ትችል ነበር። ይዛው ተመለሰች።

ናሪን ስትደርስ የግቢዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። የጭቃ ቤቷ ባዶዋን ነበረች። የብረት ሣጥኑም የለም። ወለሉ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስና የፈሰሰ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የብዙ ሰው ጫማ። ዣዝጉል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ለእንግዶቿ ቦርሶክ ልትጠብስ ሊጡን እየቆረጠች ዘይት ውስጥ ትጥላለች።

"የት ወሰዱት?"

"ወደ ገደሉ።"

"ማን ከፈተላቸው?"

"እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው። በቁልፉ።" ሊጡን መቁረጧን አላቋረጠችም። "ታሽታን በትራክተር ተሳቢ መጣ። አሥር ሰው ሆነው በግማሽ ቀን ጨረሱት። ዘፈን ሁሉ ይዘፍኑ ነበር።"

ገደሉ ከሰፈሩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ የሚወርድ ነው። ቡሩል አፋፉ ላይ ደርሳ ቁልቁል ስታይ ሦስት መቶው ጠርሙስ ከድንጋይ ድንጋይ ተላትሞ ተበትኗል፤ የታችኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ገብቶ ያብለጨልጫል። ገበያው በሙሉ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በየሜዳው ቢጥለው ኖሮ እንኳ እንዲህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ወንዙ አይደርስም ነበር። ለቅማ፣ ሸፍና፣ አሽጋ ያሰባሰበችላቸው እሷ ነች።

የብረት ሣጥኑን ሲገለብጡት ያበጡት ተጨፍልቀው ነደዋል። የተሳቢው ወለል ተቃጥሏል፤ ታሽታንም ቀኝ እጁ ተልጧል። ሰፈሩ ይህንንም በቡሩል ላይ ጻፈው፤ በቤቷ ቦምብ ታስቀምጥ ነበር ለካ ተባለ። ክስ ሳያቀርብባት ደግሞ ይቅር ያላት ታሽታን ሆኖ፣ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ እየዞረ ተመሰገነበት።

ሐሙስ ጠዋት ዣዝጉል አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ወደ እናቷ መጣች። ዓይን ለዓይን አላየቻትም።

"ለሱ ቤተሰቦች እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች ብያቸዋለሁ። ወሬውን ኮችኮር ድረስ ሰምተውታል። ታሽታንና ሚስቱ በወላጅ ቦታ ይቀመጡልኛል።" ወደ በሩ ዞራ ጨመረች፤ "እስኪሄዱ ድረስ የትም ቆዪልኝ።"

ቡሩል ባልዲና ወፍራም ጓንት ይዛ ወደ ገደሉ ወረደች። መሄጃ ቢሏት ሌላ ቦታ አላወቀችም። ከላይ የመኪና ጥሩምባ ሰማች፤ ቀጥሎ የሴቶች እልልታ መሰል ጩኸትና ሳቅ ሰማች፤ በግ የሚታረድበትንም ሰዓት ለየችው። ጉትቻው የትኛው ጆሮዋ ላይ ቀድሞ እንደተንጠለጠለ ለማወቅ ፈልጋ ነበር፤ የምትጠይቀው ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብላ ከጠርሙስ ስብርባሪው መሀል ባትሪ ስትለቅም ዋለች። መኪኖቹ ሄደው አቧራው ከረጋ በኋላ ወጣች። ቤት ስትደርስ ዣዝጉል አብራቸው ሄዳለች። ገበታው ላይ የተረፈ ቦርሶክ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከገበያ መልስ ትወርድ ነበር። ውሃው የወሰደውን ወስዷል። የቀረውን በረዶ ሳይሸፍነው ለማውጣት ተሽቀዳደመች፤ ከመስታወቱ ብዛት ጓንቷ ተበጣጥሶ እጇ ይደማ ነበር። ከአፋፉ ላይ ቆመው የሚያዩዋት አልጠፉም። አንዳንዱ "ኤጄ፣ ይኼንንም አንሺው!" እያለ የቢራ ቆርቆሮ ይወረውርላታል። ልጇ አልደወለችም። ሠርጉ ኅዳር ላይ እንደተደረገ የሰማችው ስልክ ሊያስጠግን ከመጣ ሰው ነው።

የመጀመሪያው በረዶ ጠብ ጠብ ማለት በጀመረበት ቀን፣ የታሽታን ሚስት ሳይካል አፋፉ ላይ መጥታ ቆመች። በሻርፗ ጫፍ የጠቀለለችው ነገር ነበር። ጥቅሉን ፈታ አድርጋ አሳየቻትና፣

"የሱ ስልክ ነው፣" አለች። "ጀርባው አብጦ ተከፍቷል። እኔ ምድጃው ዘንድ ማስቀመጥ ፈራሁ። እሱ አይወቅ።"

"ቻርጅ እንዳታደርጉት። እንዳትጥዪው፣ እንዳትጫኚው። ድንጋዩ ላይ ቀስ ብለሽ አስቀምጪው።"

ሳይካል አጎንብሳ አስቀመጠችው። ሰላም አላለቻትም፣ የዣዝጉልን ነገርም አላነሳችም፤ ሻርፗን አራግፋ ዘወር አለችና በጥድፊያ ሄደች። ቡሩል ባልዲዋን ይዛ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች፤ ድንጋዩ አንሸራታች ሆኗል፣ በረዶው ስልኩ ላይ ሳይከማች መድረስ ነበረባት።