ቀዩ ጅብ ነው

ታሂር ስልክ ያስተማረኝ በጅብ ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ መስታወት የሚመስለውን ስልክ ገዝታ ላከችልኝ፤ እኔ ደግሞ በደወለች ቁጥር እየደነገጥሁ ቀዩን ነክቼ እዘጋባት ነበር። "እማዬ፣ አኮረፍሽኝ እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ። ታሂር ይህን ሰምቶ ከጎኔ ካለችው ጠባብ የኮምፒዩተር ቤቱ ወጣና ስልኩን ከስፌት መኪናዬ ላይ አነሣው። "እማ ወርቄ፣ አረንጓዴው ሰው ነው፤ ቀዩ ጅብ ነው። ቀዩን አትንኪ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትሁም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከውስጥ ሆኖ "ቀዩ ጅብ ነው!" ይላል፤ እኔም "አንተን ጅብ ይብላህ!" እላለሁ፤ መንገደኛው ይስቃል። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ወርቅነሽ እባላለሁ። ቤተሰቦቼ ከዋጃ ወዲያ ካለው አገር መጥተው ነው ቆቦ የገቡት፤ እኔ ግን ያረጀሁት እዚሁ ነው፣ አስፋልቱ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋሁ። የማወራችሁ ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ታሂር ነው።

ታሂር የኡሙልኸይር ልጅ ነው። ኡሙልኸይር ከጎብዬ ሽንኩርት እያመጣች ከበረንዳዬ ፊት ለፊት የምትቸረችር፣ ባሏ የሞተባት፣ ከዚህ ልጅ በቀር ማንም የሌላት ሴት ናት። ልጁ ኮምፒዩተርን መጀመሪያ ያወቀው በጠመኔ ነው። ትምህርት ቤት መምህሩ የኮምፒዩተሩን የፊደል ገበታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥልላቸዋል፤ እነሱም ካርቶን ላይ ይገለብጡና ካርቶኑን እየነካኩ ይለማመዳሉ። ጦርነቱ መጣ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ። ነገሩ በረድ ሲል ታሂር አንድ ያረጀ ኮምፒዩተርና አንድ የምታስነጥስ ማተሚያ ይዞ ከጎኔ ተከራየ። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ኮፒ ያነሣል፣ ለተማሪ ፎርም ይሞላል። ሲጽፍ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው የሚመስለው።

ከተማው ግን በዚህ መች ይተወዋል! ወጣት ነው፣ ኮምፒዩተር ቤት አለው፣ እንግዲህ ሁሉን ያውቃል ተባለ። አንዱ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሌላው የሞተ ስልክ ይዞ ይመጣል፤ የሰፈራችን ሐጂ እንኳ የስኳር በሽታ መለኪያቸውን ይዘው መጡ። አንድ ገበሬማ የውሃ ፓምፑን የኤሌክትሪክ ሣጥን ነቅሎ በባጃጅ ጭኖ አመጣለት። ታሂር "አባባ፣ እኔ ይህን አላውቅም" ቢለው "ምን ማለትህ ነው? ወጣት አይደለህም እንዴ!" ብሎ ተቆጣው። ለእኛ ለአሮጊቶቹ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስልክ ስናነሣ እንኳ "ስጪ፣ አንቺ አትችይም" ብለው ከእጃችን ይነጥቁናል። ኧረ ወዲያ! እኔ ሲንጀር የስፌት መኪናዬን ብሎን በብሎን ፈትቼ የምገጥም ሴት ነኝ።

አንድ ቀን አቧራው ከሜዳው ተነሥቶ መንገዱን ሲሸፍነው ታሂር በሩን ዘግቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያን የገበሬውን ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎታል።

"እማ ወርቄ፣ እኔ እኮ የምችለው መጻፍ ብቻ ነው" አለኝ። "የቀረውን ሁሉ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየፈራሁ ነው የምነካካው።"

"ታዲያ አልችልም በላቸዋ! አልችልም ማለት ምን ነውር አለው?"

"ለእናንተ ነውር የለውም" አለ ሣጥኑን እያየ። "ለእኛ ነው ነውሩ።"

አንጀቴን በላኝ። እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ቀን "ትችላለህ፣ ና" የሚለው ሲመጣ እንዴት እምቢ ይላል? ደግሞም መጣ፤ በስልኩ በኩል መጣ። ታይላንድ የሚባል አገር ያለ ድርጅት ኮምፒዩተር የሚችሉ፣ ፈጥነው የሚጽፉ ወጣቶች ይፈልጋል አሉት። ቲኬቱን ድርጅቱ ይቆርጣል፣ መኝታውም ምግቡም በእነሱ ነው። ስንቱ የእኛ አገር ልጅ በአፋር በረሃ በእግሩ ወርዶ ባሕር በልቶት የቀረበት አገር ነው ይኼ። ኡሙልኸይር ልጇ እንደዚያ እንዳይሄድባት ስትሰግድ ስትለምን የኖረች ናት። በአውሮፕላን ሲላት እልል አለች። "የእኔ ልጅ በእግሩ አይደለም፣ በጭንቅላቱ ነው የሚሄድ! አልሐምዱሊላህ!"

እኔ ግን አላመንሁም። "ማነው የጠራህ? ፊቱን አይተኸዋል?" አልሁት።

"ቪዲዮውን አይቻለሁ፤ ፎቁን፣ ኮምፒዩተሮቹን፣ ሁሉንም።"

"ፎቅ ፊት አለው እንዴ? እዚያ የሚሠራ፣ እናቱን የምናውቃት አንድ ልጅ አለ?"

"እማ ወርቄ፣ የዛሬ ሥራ እኮ እንዲህ ነው። ይኼ ለአንቺ አይገባሽም።"

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ ይኼ ይገባኛል!" አልሁት። በረንዳው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። አንዱ "እሷ እኮ ስልክን በጅብ የተማረች ናት፤ ሁሉ ነገር ጅብ ይመስላታል" አለ። መሳቃቸውስ ግድ የለኝም። ኡሙልኸይር ግን ዞር ብላ "ወርቄ፣ ልጄ ሲያልፍለት ከፋሽ እንዴ?" አለችኝ። ከእሷ ጋር ስንት ክፉ ቀን አብረን አሳልፈናል፤ ይህን ከእሷ አፍ ስሰማ ወደ ስፌቴ ዞርሁ።

ሸሚዝ ሰፋሁለት፤ ነጭ፣ ኮሌታው አንገቱን ልክ የሚይዝ። በውስጥ በኩል ኪስ አበጀሁና "ፓስፖርትህን ከዚህ አታውጣ" አልሁት። ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ። የኡሙልኸይር ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ "በአንቺ ስልክ ነው የምደውል፤ ቁጥርሽን በቃሌ ይዤዋለሁ" አለኝ። ሚኒባሱ ወደ ወልዲያ ሲዞር እጁን በመስኮት አወጣ። ያቺ የሸሚዝ እጅጌ እስክትጠፋ አየኋት።

መጀመሪያ ከአውሮፕላን ጣቢያው ፎቶ ላከ፤ ጥርሱ እስኪታይ ስቋል። ቀጥሎ "ደርሻለሁ፤ ፓስፖርታችንን ለመኖሪያ ፈቃድ ብለው ሰበሰቡት" ብሎ ጻፈ። ኡሙልኸይር "ፈቃድ ሊያወጡለት ነው" ብላ ደስ አላት። እኔ ያን ኪስ አስቤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ አንድ ጊዜ በምስል ደወለ። እናቱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "ሥራው እንዴት ነው ልጄ?" ትለዋለች፤ እሱ ከመመለሱ በፊት ወደ ጎን ያያል። "መጻፍ ነው፣ እማ።" "ይከብዳል?" እንደገና ወደ ጎን አየ። "አይከብድም።" ከኋላው መስኮት አለ፤ መስኮቱ ላይ ብረት። የእኔን ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ኮሌታው ከአንገቱ ርቆ ቆሟል። ልብስ ሰፊ ነኝና ልጁ ምን ያህል እንደከሳ አይቼ አወቅሁ። ለኡሙልኸይር አልነገርኋትም፤ እሷም አይታዋለች መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ወራት ሄዱ። ኡሙልኸይር በየማለዳው ሽንኩርቷን ሳትዘረጋ በፊት ወደ እኔ ትመጣና "ዛሬስ?" ትላለች። "ዛሬ ገና ነው" እላታለሁ። "ኢንሻአላህ ነገ" ትልና ትመለሳለች። ያቺን "ዛሬስ?" ፈርቼ አንዳንድ ቀን አርፍጄ እወጣ ነበር። የታሂርን ቤት ናትናኤል የሚባል ልጅ ተከራየው፤ ጨዋ፣ ታታሪ፣ ግን ጣቱ ከጆሮው የሚቀድም። አዲስ ኮምፒዩተር አስገባ፤ ከተማውም ሪሲቨሩንና የሞተ ስልኩን ይዞ እሱ ዘንድ መጉረፍ ጀመረ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ ስልኬ ጮኸች። መልእክት ነው። የማላውቃት ቆንጆ ሴት ፎቶ አለበት። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠረኝን ፊደል እየለቀምሁ አነበብሁት።

"ሰላም ለእርስዎ። ሩት እባላለሁ፤ ዱባይ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ቁጥርዎን ያገኘሁት በስሕተት ነው፤ ግን አምላክ ያለ ምክንያት ሰውን ከሰው አያገናኝም። እንደ እናት የማጫውተው ሰው ናፍቆኛል። ያለዎትን ገንዘብ እጥፍ የሚያደርግ ሥራ ላሳይዎት እችላለሁ። ከታች ያለውን ቀይ ምልክት ይንኩ።"

ጣቴ እንኳ አልተነሣም። ስለዚህ ዓይነቱ ሌባ ሬዲዮ ላይም ሰምቻለሁ። ስልኩን ላስቀምጥ ስል ሌላ አጭር መልእክት ከሥሩ ገባ።

"ቀዩ ጅብ ነው። ቀዩን አትንኪ።"

"ዋይ አነ!" አልሁ በቤተሰቦቼ ቋንቋ። መርፌው ከእጄ ወደቀ። መንገዱ፣ ባጃጁ፣ ጫጫታው ሁሉ ከጆሮዬ ጠፋ። ልጁ አለ። በሕይወት አለ። "መጻፍ ነው" ያለን ይህን ነበር፤ በሴት ፎቶ ተሸፍኖ የሰው እናት እንዲያታልል ነው ያስቀመጡት። እሱ ደግሞ በቃሉ የያዛትን ቁጥር አውጥቶ፣ ያ በጎኑ የሚቆመው ጠባቂ ፊቱን እስኪያዞርለት ጠብቆ፣ ይህችን ቃል ወረወረልኝ።

መልስ መስጠት አለብኝ። ስሙን ብጽፍ ግን በላዩ የቆሙት ሊያነቡት ነው፤ ምን እንደሚያደርጉት እግዜር ይወቅ። እሱ ብቻ የሚያውቀው ቃል ያስፈልገኛል። መጀመሪያ የመጣልኝ ያ የሁልጊዜ መልሴ፣ "ጅብ ይብላህ" ነው፤ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ከዚያ "አረንጓዴው ሰው ነው" ልለው አሰብሁ። ይህን ካነበበ ወርቄ አውቃኛለች ይላል። አ ጻፍሁ፤ ረ ጻፍሁ፤ ን ጻፍሁ። "ጓ" ጠፋችብኝ። ገ ላይ ብነካ ገ፣ ደግሜ ብነካ ገገ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ስልኬን ከእጄ እየነጠቀ ሲጽፍልኝ፣ ይህቺን አንዲት ፊደል ከየት እንደሚያወጣት ያሳየኝ አልነበረም።

ሮጬ ወደ ናትናኤል ገባሁ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። "ናትናኤል ልጄ፣ ቶሎ በል፣ 'ጓ'ን ከየት ነው የማወጣት?"

ስልኩን አየ፤ ፎቶዋን አየ። "እትዬ ወርቅነሽ! ይቺ እኮ ሌባ ናት! መልስ ሊሰጧት ነው እንዴ?" ብሎ ስልኩን ነጠቀኝ። የቆሙት ሳቁ። "ሽማግሌና አሮጊቱን ነው የሚያጠምዱት" አለ አንዱ።

"ቆይ! ቆይ አንተ ልጅ፣ አትንካ..."

አውራ ጣቱ ግን ሄዷል። በቀይ የተጻፈች ነገር ነካ፤ ሌላ ቀይ መጣች፣ እሷንም ነካ። ገጹ ነጭ ሆነ። "አገድሁልዎት፣ አጠፋሁልዎት፣ አመለከትሁባትም" አለና ፈገግ ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሲመጣ ለእኛ ይስጡን፤ እርስዎ አይችሉም።"

እንዴት እንደጮህሁ አላውቅም። ከመንገድ ማዶ ሰው ብድግ አለ። እያለቀስሁ ነገርሁት፤ ጅቡንም፣ ሸሚዙንም፣ ያቺን ሁለተኛ መልእክትም። ናትናኤል ፊቱ አመድ መሰለ። መልእክቱን አላነበበውም ነበር፤ ያየው ፎቶውን ብቻ ነው። ቁጥሩን ካገዳቸው መካከል ፈልጎ አገኘው፣ ፈታው፣ "አረንጓዴው ሰው ነው" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጻፈና ላከው። ቆመን ጠበቅን። አልደረሰም። እንደገና ላከው። የሴትዮዋ ፎቶ የለም፤ ባዶ ክብ ብቻ ቀርቷል። "ሌቦቹ ሰው ሲያመለክትባቸው ቁጥሩን ወዲያው ይጥሉታል" አለኝ። ቁጥሩ ለምን እንደተዘጋ ጠይቀው ልጁን ቢይዙትስ? ይህን ናትናኤልም ያሰበው ይመስለኛል፤ ዓይኔን ማየት ፈራ።

ጩኸቴን የሰማችው ኡሙልኸይር ሽንኩርቷን ጥላ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

"ወርቄ?" አለች። "ዛሬስ?"

መዋሸት አልቻልሁም። "በሕይወት አለ፣ ኡሙልኸይር። ልጅሽ በሕይወት አለ። አሁን ጻፈልኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" የበሩን መቃን ያዘች፤ ከዚያ እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሁለት እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። "እስቲ ስጪኝ፣ ላናግረው።"