ከባነሩ ሥር የተጻፈው ስም

ትናንት ጠዋት፣ ታቦቱ ሳይወጣ፣ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የተሰቀለውን ባነር ቀና ብዬ ሳነብ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታዊው ንግሥ ባነር ይሠራ ሲባል የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ደሳለኝ ከፌስቡክ ያወረደውን የእመቤታችንን ሥዕል ይዞ መጣ። ደሳለኝን እዚሁ ደባርቅ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቅኩት። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሁላችንም ነው አለኝ። የቅጂ መብት የሚባል ሕግ እንዳለ፣ ሕጉ ቢቀር እንኳ የሰው ድካም ሳያስፈቅዱ ወስዶ ደጀ ሰላም ላይ መስቀል ነውር እንደሆነ አስረዳሁ። ይህን ለማስረዳት ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጀብኝ።

ጠያይቄ ሠዓሊውን አገኘኋቸው። ዳባት የሚኖሩ አረጋዊ መሪጌታ ናቸው። በሚኒባስ ሄጄ ሥዕሉን በስልኬ ሳሳያቸው የእጃቸው ሥራ መሆኑን ነገሩኝ። ካላንደር ላይም፣ የባጃጅ መስታወት ላይም አይተውታል። ፈቃድ ልጠይቅ ብሎ ቤታቸው ድረስ የመጣ ግን የለም። ገንዘብ አልፈልግም አሉ። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከሥሩ ኃይለ ጊዮርጊስ ብላችሁ የክርስትና ስሜን ጻፉልኝ። ያየው ሰው በጸሎቱ ያስበኝ።»

ቃሌን ሰጠኋቸው። ለንግሡም ጋበዝኳቸው። ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ «ከሥዕሉ ሥር» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበት፣ ጎንደር ማተሚያ ቤት ለሚሄደው ለደሳለኝ ሰጠሁት።

ትናንት ከሥዕሉ ሥር ያነበብኩት ግን የመሪጌታን ስም አይደለም። ለባነሩ የከፈለውን ነጋዴ ስም ነው። «ይህን ሥዕል ያሳለ ወልደ ሚካኤል» ይላል... በቀይ።

ደሳለኝን ጥግ ወስጄ ጠየቅኩት። ምንም አልደነገጠም።

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ መምህር። ግን ከሥዕል ሥር የሚጻፈው ያሳለው ሰው ስም ነው። ይግቡና ግድግዳውን ይዩት።»

ውሸት አልተናገረም። ከመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች ሥር ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ያሳለው ሰው ስም አለ። የሠዓሊ ስም አንድም የለም። ስንት ዓመት ተሳልሜያቸው፣ ለሌላው እንከን ስለቅም የኖርኩ ሰውዬ፣ ይህን አላስተዋልኩም። ከደሳለኝ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። መሰላል ይምጣና ስማቸውን በወረቀት ልለጥፍበት አልኩ። እሱ ደግሞ ሕዝቡ ግቢውን ስለሞላው አሁን አይሆንም አለ።

እየተከራከርን ሳለ ዞር ስል መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላችን ቆመዋል። ከዳባት በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። ባነሩን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ይተዉት መምህር... እኔም ያረጀሁት ያሳለውን ሰው ስም በገዛ እጄ ስጽፍ ነው። የራስህንም ጨምርበት ያለኝ አልነበረም።»

ይህን ብለው ሊሳለሙ ገቡ። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ስማቸውን እንደገና እንድጽፍለት ጠየቀኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት ጥሎታል።

ፈቃድ መጠየቅን በሁለት ስብሰባ አስተማርኩ... የተፈቀደልንን እንደተፈቀደልን መፈጸም ግን ስንት ስብሰባ እንደሚፈጅ እንጃ።