ልብስ ያጣችው የእንጨት ሙሽሪት

በደርግ ጊዜ ባለቤቴ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ቤት ዋለ። ሕይወቱ ተርፏል፤ ተመስገን። የቤቱ እንጀራ ግን በእኔ እጅ ላይ ሆነ።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ አልጋና ወንበር የሚሠራ ሙስሊም ጎረቤት ነበረን። ከሥራው የሚተርፈውን እንጨት ጣት የሚያህል ሰው አድርጎ እየጠረበ ይሰጠኛል። እኔ ከልብስ ሰፊ ቤት በለቀምኩት ብጣሽ አለብሳለሁ። ፊት ግን አይነካም። «እትዬ፣ ዓይን መሥራት ለእኔ አልተፈቀደም፤ ፊቱ የእርስዎ ነው» ይለኛል። አማትቤ በከሰል ዓይንና አፍ እሥልላቸውና ለልጆች መጫወቻ እሸጣቸው ነበር።

ከአናጢው ጋር አንድ ሙሉ የእንጨት ሰርግ ልንሠራ ተስማማን። እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን ለሽያጭ ላወጣ ነበር።

«አይሆንም» አለኝ። «ልጆቹ ሙሽሮቹን ብቻ ይወስዱና ሚዜዎቹ እኛ ቤት ያረጃሉ። ሰርግ ላይ ሙሽሪት መቼ ነው የምትታየው?»

«መጨረሻ።»

«በቃ፣ እንደዚያው ነው።»

በየወሩ በመድኃኔዓለም ቀን ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምንጣፌን ዘርግቼ አንድ አዲስ ዓይነት ሰው ለልጆቹ ሁሉ የሚበቃ ያህል አወጣ ጀመር። መጀመሪያ ከበሮ መቺው፣ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፣ በኋላ በቅሎዋ፣ ከዚያ ሙሽራው። ልጆች የገዙትን በየመስኮቱ ደርድረው «ያንቺ ማን ጎደለ?» ይባባላሉ። ሙሽሪቷን ለጥቅምት መድኃኔዓለም በዓል አመጣለሁ ብዬ በደጁ ቃል ገባሁ።

ነጭ ጨርቅ ጠፋ። በቀበሌ ሱቅም የለም። ልብስ ሰፊው የሚሰፋው ካኪ ብቻ ነው፤ ሙሽራችንም ካኪ ለብሶ ነበር የወጣው።

«ካኪ ያልብሷታ» አለ አናጢው። «የቀበሌ ሊቀ መንበር ትሆናለች።»

«ዝም በል፣ ግድግዳ ጆሮ አለው።»

ሳቅን፤ እኔ ግን ተጨንቄ ነበር። ሙሽሪቷ ከቀረች ልጆቹ አታለለችን ይላሉ፣ ወደ ምንጣፌም አይመለሱም። በመድኃኔዓለም ደጅ የሰጠሁት ቃልም አለ።

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሦስት የሰፈር ልጆች ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። የፊተኛዋ ልጅ የጥጥ ጢም ለጥፋ የአባቷን ከዘራ ይዛለች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሳካ አንቀመጥም» አለች ባለ ጢሟ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው። ሚዜዎቹ መቆም ሰልችቷቸዋል።»

«ዘመድ ላማክር።»

«ዘመድዎ ማን ነው?»

«አናጢው።»

«እሱማ የኛ ወገን ነው። በቅሎዋን ማን ሠራልን?»

ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ «የልጅቷ አባት እኔ ነኝ፤ ለምን አልተጠየቅሁም?» አለ። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«የምትለብሰው የላትም፣ ልጆቼ» አልኩ እውነቱን።

ባለ ጢሟ ከጋቢዋ ሥር ስስ ነጭ ጨርቅ አወጣች። የአክስቷ ቬሎ ረዝሞባት ሲያሳጥሩት የተረፈ ቁራጭ ነው። «ጥሎሽ ነው» አለች። «ለሙሽሪት ልብስ የሚያመጣው የወንድ ወገን አይደለም እንዴ?»

ልክ ናት። እኔ የሴት ወገን ሆኜ ሳለ ለልጄ የሰርግ ልብስ ፍለጋ አገር ዞሬ ነበር። ሽማግሌ ሳይላክ ሙሽሪት የምትመጣበት ሰርግ ያቀድነውም እኔና አናጢው ነን። «ሰጥተናል» አለ ባለቤቴ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ቆሎ ቀረበላቸው። ቁራጩ ለሙሽሪቶቼ ሁሉ ቀሚስና ዓይነ ርግብ ሆነ።

በበዓሉ ቀን አናጢው በዚያ ሲያልፍ አየኝና አንዷን አነሣ። «ፊቷን ሸፈኑት?»

«ሙሽሪት ናት።»

«ታዲያ ይቺን ብቻዬን እሠራት አልነበር?»

ልጆቹ ግን ዓይነ ርግቡን እየገለጡ፣ ዓይን እንዳላት አይተው ነው የወሰዷት።

በተከታዩ ወር ያወጣነው ባለ ጥጥ ጢም ሽማግሌ ነበር። ያቺ ልጅ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ለምን ቆመ? ጉዳዩ ተሳክቶለት የለም?»

ለአናጢው ነገርኩት። በቀጣዩ ወር ያወጣነው ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። የተቀመጠበትን በርጩማ አናጢው ብቻውን ነው የጨረሰው፤ በርጩማ ፊት የለውም።