ለቀስተኛ የማይነካው የጀማል ሽፍታ

«ጀማል ሞተ» የሚለው መልእክት ጠዋት ስልኬ ላይ ሲገባ ሳቅኩ። እኛ ቡድን ውስጥ ጀማል ሲሞት የኖረ ሰው ነው፤ ዘንዶም ሆኖ ሞቷል፣ ጠንቋይም ሆኖ ሞቷል። የቡድናችን ሐና ደውላ ስታለቅስ ነው እውነት መሆኑን ያወቅኩት። ልቤ ግን እስካሁን አልተቀበለውም።

ለማታውቁት፣ ጀማል ግሽ አባይ ሰፈር በአባቱ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛችን ነበር። እሑድ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ጣቃዎቹ ላይ ተደርድረን፣ ባለ ቁጥር ዳይስ እየጣልን ተረት የምንፈጥርበትን ጨዋታ እንጫወታለን። እኛ ጀግኖቹን፣ እሱ ታሪኩን እየመራ ክፉዎቹን በሙሉ ይጫወታል።

እኔ ከሐዋሳ ለሥራ መጥቼ አንድ ሰው ሳላውቅ ነው ያገኘኝ። መጋረጃ ልገዛ ገብቼ ጓደኛ ይዤ ወጣሁ።

ከክፉዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው አባ ጎርፍን ነበር። የሐይቅ ሽፍታ ነው፤ ጀልባ ይዘርፋል፣ ወደብ ያቃጥላል። ለቀስተኛ የጫነ ጀልባ ግን አይነካም። ለምን ስንለው «ክፉ ነው እንጂ ባለጌ አይደለም» ይለናል። ስለ አከራዬ ሳማርርም ይቺኑ ነበር የሚለኝ።

አንድ እሑድ አባ ጎርፍ የመንደራችንን ሰዎች ደሴት ላይ አግቶ መግቢያ አጣን። ሐና ዘዴ አመጣች፤ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ ባዶ የሬሳ ሣጥን ጭነን፣ ቀብር እንደሚሄድ ሰው እንለፍ አለች። ይህን ሁሉ የምንመካከረው እዚያው ጀማል ፊት ነው። ሻዩን እየጠጣ ይሰማናል።

ጀልባችን ስትቀርብ አባ ጎርፍ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ያጽናችሁ» ብሎ አሳለፈን። ከኋላ ዞረን ገደልነው፤ ሰዎቻችንንም አስፈታን።

«ሰምተኸን የለ እንዴ፣ ለምን አሳለፍከን?» አልኩት።

«እኔማ ተቀምጨ ሰማሁ፤ እሱ መቼ ሰማ? ቢጠረጥርስ፣ ሐዘን ላይ ነኝ ያለን ሰው ሣጥንህን ክፈት ይላል?»

ዓመት ሙሉ ያሳደገውን ሽፍታ ነው እንዲያ አድርጎ የሰጠን።

በጨዋታው እያንዳንዱ ሰው ደግ ወይም ክፉ መሆኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ሐና አባ ጎርፍ አሳዝኗት «ክፉ የሚለውን እንሰርዝለት» አለች። ጀማል እምቢ አለ።

«ስንት ወደብ ያቃጠለ ሰውየ ነው እኮ። አንድ ደንብ ስለጠበቀ ደግ አይሆንም። ይልቅ የራሳችሁን አንብቡልኝ እስኪ።»

የሁላችንም «ደግ» ይላል። እርስ በርስ ተያይተን እንዴት እንደሳቅን።

ዛሬ ከሰዓት ቀብረነው ተመለስን። ከፍቶኛል። ግን እሱ ሱቅ ውስጥ ያሳለፍኩትን እሑድ ሁሉ ሳስብ ደስ ይለኛል፤ የታደልኩ ነኝ።

ጀማሌ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ይህን ከተማ ቤቴ ያደረግህልኝ አንተ ነህ። መሰብሰባችንን አንተውም፤ ሐና ቤት ተስማምተናል። ክፉውን ማን ይጫወት ስንባባል ግን ሰው አጣን። ለዚያ የሚበቃ ደግ ሰው ከመካከላችን የለም።