የመጨረሻው ማካፈል

ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁጥር ሲያካፍል ኖረ፦ 2,147,483,647። ሠላሳ አንድ ሁለቶችን አባዝተሽ አንድ ስትቀንሺ የሚገኝ ነው ይለኛል። እኔ የሚታየኝ ግን ገርጂ ባለችው ኮንዶሚኒየማችን ሶፋ ላይ የተከመረው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የማመጣለትም እኔው ነኝ። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ የተበላሸ ኮፒ አይጠፋም። ፊቱ የሰው መታወቂያና የሥራ ማመልከቻ፣ ጀርባው የእሱ ማካፈል።

ቁጥሩን የሰጠው አብሮት ሒሳብ ያጠና የነበረ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው። የታመመች እናቱን ሊያይ ወደ ሰሜን ሲሄድ ወንድሜ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። አውቶቡሱ እስኪሞላ መዳፉ ላይ ቁጥሩን ጻፈለትና፣ ይህን በእጅህ አካፍለህ ሳትጨርስ ተመልሼ እመጣለሁ አለው። ቀልድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ተነሣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ስልኩ ሲከፈት የጓደኛው አልሠራም። ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ እኔ ጋ መጣና ማካፈል ጀመረ።

እኔን ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። ብቸኛ ቁጥር ነው ይላል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ቤት እንደገባሁ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው አልኩት። እሱ ግን ያውቅ ነበር። ጓደኛውም ያውቅ ነበር አለኝ። ሁሉንም ቁጥር መሞከር እንደማያስፈልግ ረጋ ብሎ አስረዳኝ፤ በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ፣ ያውም እስከ 46,340 ድረስ። ከዚያ በላይ ያለ ቁጥር ቢያካፍለው ኖሮ አብሮት የሚባዛው ትንሹ ቁጥር አስቀድሞ ይገኝ ነበር። እና ሥራው ማለቂያ አለው።

መጀመሪያ በቀን ስምንት ዘጠኝ ማካፈል ይሠራ ነበር። ወደ መጨረሻው በቀን አንድ፣ ኋላም በሳምንት አንድ ሆነ። የቀረው 46,337 ብቻ ሲሆን ቁጥሩን ንጹህ ወረቀት አናት ላይ ጽፎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክረምቱ ወጣ፤ ወረቀቱ እንዳለ ነው። ዩኒቨርሲቲው አቋርጠው የወጡትን መልሶ እየመዘገበ ነበር። ሂድ ስለው ልጨርስና ይላል።

ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሱ ዳቦ ሊገዛ እንደወረደ ቁጭ ብዬ አካፈልኩት። 46,344 ጊዜ ደረሰ፤ 41,719 ቀረ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የእጅ ጽሑፌን አየ። እንደቆመ አባዛው፣ ደመረው፣ ስህተት ፈለገ። አጣ።

«ሳትጨርስ እመጣለሁ ነው ያለኝ» አለ። «የተውኩትኮ እንዲመጣ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። እሱ ፍራሹን ከአልጋው አውርዶ መሬት ላይ አነጠፈና ተቀመጠበት።

«እትዬ፣ በሩን ክፈችው» አለኝ።

ከፈትኩት። ጎረቤታችን የተከፈተውን በርና መሬት የተነጠፈውን ፍራሽ አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ማን እንደሞተ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። መርዶውን ያረዳሁት እኔ ሆኜ፣ የሟቹን ስም እንኳን አላውቀውም ነበር።