የላም ሆድ በበርሜል፣ ነጌሌ ቦረና

ከሐዋሳ የተነሣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ የጎማ ቱቦ፣ ቫልቭና አንድ የጋዝ ምድጃ ይበዛል። ነጌሌ ቦረና ኬሚስትሪ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ መሠረት ከሣርና ከበቆሎ አገዳ የማብሰያ ጋዝ አወጣለሁ ብላ በርሜል ቀብራ ነበር፤ ጋዙ ግን አልነድ አላት። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ።

«ጋሼ፣ ድረስልኝ» አለችኝ በስልክ። «ካልሆነ አዴ ሎኮ ሻይ ቤታቸውን ሊዘጉ ነው።»

አዴ ሎኮ የመሠረት ጎረቤት ናቸው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ቁርስ ይሸጣሉ። የማገዶ ጭስ ዓይናቸውን ስለጎዳው ሐኪሙ ከጭስ እንዲርቁ አስጠንቅቋቸዋል፤ ጋዙም ለእሳቸው የታሰበ ነው።

በመንገድ

ቦሬ ላይ ጉሙ አውቶቡሱን ዋጠው። ወርደን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን፤ ጣቶቼ እየሞቁ፣ አፌ እየተቃጠለ። ክብረ መንግሥት ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅሁ። ዋደራን አልፈን ስንወርድ አፈሩ ቀላ፣ ግራሩ በዛ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የምስጥ ኩይሳዎች ግራና ቀኝ ቆሙ። ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው።

አጠገቤ የተቀመጠው ወታደር ምድጃዬን አይቶ «ነጌሌ ምድጃ የለም ያለህ ማነው?» ብሎ አሳቀኝ።

ነጌሌ

አዴ ሎኮ በቀይ ዓይናቸው እያዩኝ እጄን ያዙ። «ናጋ? አካም? መንገዱ ደህና? ቤተሰብ፣ ከብት ደህና?» ከብት እንደሌለኝ ስነግራቸው ከልብ አዘኑልኝ፤ የግመል ወተትም አቀረቡልኝ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። የቱቦውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ስቀባው ፍልቅልቅ አለ፤ ጋዝ ያስወጣል። እሱን አጠበቅሁት። በርሜሉ ሲከፈት ግን ሽታው ኮምጣጤ ነበር።

«ሣሩ ኮመጠጠ እንጂ አልተፈጨም» አለች መሠረት። አጥሩን ተደግፋ የምታመሰኳ ላም ላይ ዓይኗን ተከለች። «ጋሼ፣ እሷ ሣሩን ያለ እሳት ትፈጨዋለች። ሆዷ ውስጥ ሣር የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። እነሱን ለምን አናመጣቸውም?»

ቄራ ሄደን ከታረደ በሬ ሆድ የወጣ ትኩስ ፈርስ በባልዲ ተሸክመን ስንመለስ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸን። አዴ ሎኮ በሳቅ ፈነዱ።

«ይሄ ነው ሻይዬን የሚያፈላው? ደንበኞቼ ከሰሙ አለቀልኝ!»

የኮመጠጠውን ግማሹን ቀዳን፤ በቀረው ላይ አመድ ጨምረን መጣጣነቱን ቀነስን፤ ፈርሱንም በውኃ በጥብጠን ጨመርን። ጋዙ እንዲጠራቀም የመኪና ጎማ ከመነዳሪ አገናኘሁ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፈቃዴን አስረዘምኩ። አዴ ሎኮ በየጠዋቱ እያሳሉ ያነድዳሉ፤ ሁለት ጊዜ ቤቱን ሊዘጉ ብለው ማንቆርቆሪያቸውንና ብርጭቆአቸውን በካርቶን ጠቀለሉ፤ ሁለቴም መሠረት ፈታችባቸው።

ከመነዳሪው መጀመሪያ እንደ ሆድ ነፋ አለ፤ ኋላ ተወጠረ። አንድ ቀን ከሰዓት ምድጃውን ደጅ አውጥተን ክብሪት ጫርኩ። ምንም። ቫልቩን ትንሽ ከፈትኩና ደግሜ ጫርኩ። ሰማያዊ ነበልባል ዙሪያውን ያዘ።

«ኢቢዳ!» አሉ አዴ ሎኮ፤ እሳት ማለታቸው ነው። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አቀረቡ፤ ሊያለቅሱ ይመስል ነበር። «ጭሱስ? ጭሱ የት ሄደ?»

መሠረት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አዴ ሎኮ ማንቆርቆሪያም ሆነ ብረት ድስት አልጠበቁም፤ ያገኙትን ጣሳ ጥደው ሻይ አፈሉ። ለመናኸሪያው ሰው ሁሉ በነፃ ቀዱለት። እኔም ጠጣሁ፤ ጣፋጭ ነበር።

መመለስ

ሐዋሳ ስደርስ ባለቤቴ ልብሴን ከደጅ አስወለቀችኝ፤ ሽታው አሁንም አልለቀቀም። ስታጠብ አሰላስል ነበር። እድሜዬን ሙሉ ከብረት ጋር ኖሬ፣ ሣርን ወደ ኃይል የሚለውጥ ነገር ሁሉ ፋብሪካ የሚሻ ይመስለኝ ነበር። ነጌሌ ያስተማረችኝ በመስክ ላይ ቆሞ የሚያመሰኳውን ፋብሪካ ጠጋ ብሎ ማየትን ነው።

ባለፈው እሑድ መሠረት ደወለች። «አዴ ሎኮ ሊያናግሩህ ነው» አለችና ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ በርና መስኮቱን ዘግቼ ጨጨብሳ ሠራሁ፤ ዓይኔም አላነባ።»